ፊት የሌላቸው የገድ አማልክት

አማርኛ የሚገርም ጎተራ ነው፤ እኛ ረስተነዋል ብለን የማልንበትን ነገር ሳይቀር አምቆ ያስቀምጣል። ደንግጦ የገረጣ ጓደኛችንን «ምነው፣ ቆሌህን ማን ገፈፈው?» እንለዋለን። የጀመረው ሁሉ አልሳካ ያለውን «ውቃቢ የራቀው» ብለን እናማዋለን። አዲስ የተከራየንበት ሰፈር ሲመቸን «አድባሩ ተቀበለን» እንላለን። ባለሱቁ በጠዋት የገባለትን የመጀመሪያ ገዢ «ገደኛ ነህ» ብሎ ይመርቀዋል፤ ዋጋ ጠይቆ የወጣውን ደግሞ በሆዱ «ገደቢስ» ይለዋል። እንግዲህ ከመካከላችን አንዱን አስቁሞ «ለመሆኑ ቆሌ ምንድን ነው? ውቃቢስ?» የሚል ሰው ቢመጣ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ የምንዘልቅ ብዙ አይደለንም። ቃሉ አፋችን ላይ ቀርቷል፤ ባለቃሉ ግን ከቤት ወጥቷል።

እኛ ከለገዳዲ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ያደግን ልጆች ይህን ነገር ከመሃል ከተማው ልጅ ትንሽ ቀረብ ብለን እናውቀዋለን። በብዙ አያቶች ቤት፣ ከአልጋ ሥር ካለው ሳጥን ግርጌ፣ በጨርቅ የተቋጠረና «እንዳትነካ!» የሚባል ነገር ነበር። ጨሌ ይባላል። በክር የተሰካ ባለብዙ ቀለም ዶቃ ነው። ዶቃ ግን ለጌጥ ነው፣ ለአንገት ነው፣ ለልጅ ወገብ ነው። ጨሌ የሚወጣው ቀኑን ጠብቆ ነው፤ የሚወጣውም ለቤቱ ገድ፣ ለልጆቹ ጤና፣ ለከብቱ ርቢ ነው።

ዛሬ ያ ቋጠሮ በአብዛኛው ቤት የለም። ተቃጥሏል፤ ወንዝ ተጥሏል፤ ወይም የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ወስዶታል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቋጠሮ ታሪክ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፦ ሰው የድሮ የገድ አማልክቱን ሲተው እንዴት ነው የሚሰናበታቸው? ለመልሱ መጀመሪያ ራቅ ብለን ጃፓን እንሄዳለን። የራስን ጓዳ ለማየት አንዳንዴ የሰው ጓዳ አይቶ መመለስ ይጠቅማል።

አሻንጉሊት የሆኑ አማልክት

ጃፓን ለኢትዮጵያ ጸሐፊ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እዚያ ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈውልናል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1923 የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም የተቀዳው በአብዛኛው ከጃፓኑ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ጥያቄ «ጃፓን ራሷን ሳትጥል እንዴት ሠለጠነች?» የሚል ነበር። የእኛ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው። በአሻንጉሊቶቿ ምን አደረገች ብቻ ነው የምንለው።

በፈረንጆቹ ማርች 3 ቀን፣ ማለትም በእኛ የዓድዋ በዓል ማግሥት፣ ሴት ልጅ ያለው የጃፓን ቤተሰብ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ደረጃ ላይ አሻንጉሊቶች ይደረድራል። ከላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ይቀመጣሉ፤ ከሥር ደንገጡሮች፣ ሙዚቀኞችና ሹማምንት ይከተላሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቶሎ ካልተነሡ ልጅቱ ቆማ ትቀራለች የሚል አባባል አላቸው። (እናቶች የትም ያው ናቸው።) የወንዶች ልጆች ቀን ደግሞ ሜይ 5 ነው፤ ሚያዝያ 27፣ የእኛ የአርበኞች ቀን። ያን ዕለት ጥሩር የለበሱ የጦረኛ አሻንጉሊቶች ይወጣሉ።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ ከሚገኙት ጥንታዊ የጃፓን አሻንጉሊቶች መካከል ግን ደስ የሚሉት ሌሎቹ ናቸው፤ የገድ አማልክቱ። በኤዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ የጃፓን ባለሙያዎች ከእንጨት ወይም ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ከተቦካ ሊጥ ቅርጽ እየሠሩ፣ በላዩ የባሕር ዛጎል ዱቄት ደጋግመው እየቀቡ፣ እንደ ሸክላ ሣህን የሚያበራ ፊት ያወጡለት ነበር። ኤቢሱ መቃጥኑንና ትልቅ ዓሣውን ይዞ ይስቃል። ዳይኮኩ የሩዝ ከረጢት ላይ ቆሞ ሲመታ ሀብት ያዘንባል የሚባለውን መዶሻ ይዟል። ሆቴይ ቦርጩን ገልጦ ጆንያውን ተሸክሟል። ቤንተን ብቸኛዋ ሴት ናት፤ ክራር መሰል መሣሪያ ትደረድራለች። ከቢሻሞን፣ ከፉኩሮኩጁና ከጁሮጂን ጋር ሰባት ይሆናሉ። ሰባቱ በአንድ መርከብ ተሳፍረው የሚታዩበትን ሥዕል በአዲስ ዓመት ሌሊት ትራስ ሥር አድርጎ የተኛ ሰው ገደኛ ሕልም ያያል ይባል ነበር።

አሁን የሚገርመውን እንንገራችሁ። ከሰባቱ መካከል የጃፓን ተወላጅ ኤቢሱ ብቻ ነው። ቤንተን የህንዷ ሳራስዋቲ ናት። ዳይኮኩና ቢሻሞንም ከህንድ የመጡ ናቸው። ሆቴይ በቻይና የኖረ መነኩሴ ነበር። የቀሩት ሁለቱ ከቻይና ከዋክብት ወረዱ። የጃፓን ቤት ከሦስት አገር የመጡትን አንድ መርከብ ላይ አሳፍሮ የራሱ አደረጋቸው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደ እኛ ስንመጣ እንፈልጋታለን።

የእኛዎቹ ለምን ፊት የላቸውም?

በእኛ አገር ገድ የሚሰጡና የሚነሡ መናፍስት ስማቸው ብዙ ነው። አድባር የቦታ ናት፤ ብዙ ጊዜ ትልቅ ዛፍ ሥር ትገኛለች። ቆሌና ውቃቢ የሰውና የቤት ጠባቂዎች ናቸው። ዛር በሰው ላይ ይወርዳል፤ ስምም ወገንም አለው። አቴቴ የሴቶች ናት፤ የመውለድ፣ የማሳደግ፣ የመትረፍረፍ። ቦረንትቻ ደግሞ የአባወራው ነው። አንዳቸውም ግን በአሻንጉሊት አልተቀረጹም። ሳቃቸውን፣ ቦርጫቸውን፣ መዶሻቸውን ያየ የለም።

ለዚህ ቢያንስ ሦስት ምክንያት ይታየናል። አንደኛው፣ በኦሮሞ እምነት ዋቃ ምስል የለውም። ሰው የሚሄደው ወደ ውኃው፣ ወደ ተራራው፣ ወደ ዛፉ ነው፤ እነርሱም የሚከበሩበት ቦታ ናቸው እንጂ መልኩ አይደሉም። ሁለተኛው፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በግድግዳና በብራና ላይ እንደልቧ ስትሥል የተጠረበ ምስልን ግን አልወደደችም። ቅዱሳኑም ጠፍጣፋ ሆነው ቀሩልን።

ሦስተኛው ያሳፍራል። ቅርጽ የሚያወጡ እጆች ነበሩን፤ ግን እንፈራቸው ነበር። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። ጎብኚ በደስታ ይገዛቸዋል። ጎረቤት ግን በቀን ማሰሮና ምጣዳቸውን እየገዛ፣ ሲመሽ «ቡዳ ናቸው» እያለ ልጁን ይሸሽግባቸው ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ትልልቅ ጉዞዎች አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄደ። በ1983ቱ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ ሰው በላይ ተጓጓዘ። የወለቃን ምስሎች የቀሩት ጎረቤቶች መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ሠሪዎቹ ሄደው ምስላቸው ቀረ። አፈርን ወደ መልክ የሚለውጥ ሰው የመጥፎ ገድ ምንጭ ተደርጎ በሚታይበት አገር የመልካም ገድ አምላክን ማን ይቀርጻል?

ስለዚህ እናቶቻችን ሌላ መንገድ መረጡ። ለመናፍስቱ መልክ በመስጠት ፈንታ ቀለም ሰጧቸው።

ከቬኒስ እስከ ሳጥኑ ግርጌ

የጨሌ ሥርዓት እንደየቤቱና እንደየአገሩ ይለያያል። የጋራ አካሄዱ ግን ይህን ይመስላል። የአቴቴ ቀን ሲደርስ ቤቱ ይጸዳል፤ ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፤ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ጨሌው ከሳጥኑ ይወጣል። ቅቤ አለ፣ ዕጣን አለ፣ ዘፈን አለ። ከሁሉ በላይ ቡና አለ፤ ግን ቡናው እኛ ካፌ የምንጠጣው አይደለም። ያልተፈለፈለው የቡና ፍሬ ጫፉ በጥርስ ይነከስና በቅቤ ይጠበሳል። ቡና ቀላ ይባላል፤ ትርጉሙ «የታረደ ቡና» ነው። በወለጋ ኦሮሞ መካከል የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኦሮሞ እምነት ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ሆላንዳዊው ቄስ ላምበርት ባርቴልስ ይህን ሥርዓት በዝርዝር መዝግበውታል። ቡናው በጋለው ቅቤ ውስጥ ተከፍቶ ሲወጣ ከወሊድ ጋር የሚያያይዙት አሉ።

ጨሌው የሚወርሰው ከእናት ወደ ልጅ ነው። መሬት በአባት በኩል፣ ስም በአባት በኩል፣ ማዕረግ በአባት በኩል በሚሄድበት አገር ይህ ቋጠሮ ሴት ለሴት ከምታወርሳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር። ቀለሙም ዝም ብሎ አልተመረጠም። አንዱ መንፈስ ቀዩን ይወድዳል፣ ሌላው ነጩን፣ ሌላው ሰማያዊውን። አንድ ዶቃ የተጨመረው ልጅ ታሞ ሲድን ይሆናል፤ ሌላው መካን የተባለች ስትወልድ። መጻፍ ያልተማረች ሴት የቤቷን ታሪክ በክር ላይ ትሰካው ነበር ብንል አላጋነንንም።

አሁን ጃፓኖቹ አማልክት በመርከብ መምጣታቸውን አስታውሱ። የእኛ ደግሞ ዶቃው በመርከብ መጥቷል። ለብዙ መቶ ዓመታት የብርጭቆ ዶቃ ትልቁ መዲና የቬኒስ ደሴት ሙራኖ ነበረች፤ ኋላ ቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ፣ ተቀላቀለች። ነጋዴዎች በምፅዋ፣ በታጁራና በዘይላ እያስገቡ በግመልና በበቅሎ ወደ መሃል አገር ያደርሱት ነበር፤ በዶቃ ዕቃ ይለወጥበታል። አንድ ጣሊያናዊ ባለሙያ እሳት ላይ ያጣመማት ብርጭቆ የሸዋ እናት እጅ ስትገባ የአቴቴ ሆነች።

ስሞቹም እንዲሁ ተቀላቅለዋል። በብዙ የኦሮሞ አካባቢ የወሊድ ጠባቂዋ «ማራም» ትባላለች፤ ከማርያም ስም የመጣ ነው። በሸዋ አማራውም ኦሮሞውም አቴቴን ያውቃታል። ክርስቲያኗ እናት ማርያምን ትዘክራለች፣ ምጥ ሲይዛት «ማርያም! ማርያም!» ይባልላታል፣ ያንኑ ዓመት ደግሞ ጨሌዋን ታወጣለች። ዛሬ ማንነትን በሚዛንና በሜትር ለሚለካው ትውልዳችን ይህ ትንሽ ያስቸግራል። ያ ሳጥን የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው፦ የቬኒስ ብርጭቆ፣ የኦሮሞ ስም፣ የማርያም ጸሎት፣ የአማርኛ ምርቃት።

አምስት መቶ ዓመት የፈጀ እሳት

እነዚህን መናፍስት ማሳደድ የጀመረው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የገዛውና ደብረ ብርሃን ላይ የከተመው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ በሚባሉ መናፍስት የሚያመልኩ ሰዎችን በብርቱ ቀጥቷል። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንንና ደስክን መካዱን ደግሞ በእጁ ላይ እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። ክሱ ቤተ መንግሥት ድረስ ገብቶ የንጉሡ የገዛ ልጆች ተቀጡ፤ የሞቱም አሉ። ይኸው ንጉሥ የማርያምን በዓላት ቁጥር ወደ 33 ያደረሰ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገ ነው። ደስክና ዲኖ ዛሬ ከታሪክ አንባቢ በቀር የሚያውቃቸው የለም። እናቶቻችን ግን ማርያምንና አቴቴን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀጥለዋል።

በ1924 ክረምት ደግሞ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጎንደር ገባ። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ የሚሄድ የጥናት ቡድን ጸሐፊ ነበር። ለወራት ከዛር ቤት ሳይጠፋ የእያንዳንዱን ዛር ስም፣ ልብስ፣ ጌጥና የሚታረድለትን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያው ቡድን ከጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎችን አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አድርጎ፣ ዋናዎቹን ፓሪስ ወስዷል። እነሆ ስለ ጎንደር እናቶች ዛሮች ማወቅ የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ዛሬ ፈረንሳይኛ መማር አለበት።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወረደ። በዘማቹ ዐይን ባላባቱ፣ ጠንቋዩና ባለዛሩ አንድ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪቶች ነበሩ። ጨሌ «ኋላ ቀርነት» ተባለ። ብዙ ሳጥን ያን ጊዜ ወደ ባሰ ጨለማ ገባ፤ ሥርዓቱም በሹክሹክታ ሆነ።

ትልቁ እሳት ግን ከመንግሥት አልመጣም፤ ከልጆች መጣ። በ1987ቱ ቆጠራ ከሕዝቡ 10.2 በመቶ የነበረው የፕሮቴስታንት ቁጥር በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ደርሷል። በዙሪያችን ባሉ ከተሞች ይህ ለውጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ልጅቱ ወንጌል ትቀበላለች፤ ከዚያ እናቷ፤ ከዚያ አንድ ቀን ጸሎት ይደረግና ጨሌው ከሳጥኑ ወጥቶ እሳት ውስጥ ይገባል። በኦርቶዶክሱም በኩል ጠበልና ንስሐ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል፤ በእስልምናውም ወጣቱ እናቱን «ሽርክ ነው» ይላታል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። ለብዙ ሴቶች ያ እሳት ነፃነት ነበር። አቴቴ ስትከበር ደስ ትላለች፤ ስትዘነጋ ግን «ተቆጣች» ነው የሚባለው። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ጥፋቱ ድግሱን ያጓደለችው ሴት ነው። ያላት ትደግስ፤ የሌላትስ? ተበድራ የደገሰች እናት ስንት ናት? ጨሌውን ሳትመርጥ የወረሰች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው፣ በመጨረሻ እሳት ውስጥ ሲገባ ትከሻዋ የቀለላት ሴት ልትመለስበት አትሻም። እኛም ተመለሺ የምንላት አይደለንም። ለናፍቆታችን ሲባል ሰው ፍርሃቱን አይሸከምም።

የሚያንገበግበን ሌላው ነው። እሳቱ ውስጥ ፍርሃቱ ብቻ አልገባም። ቀዩ ለማን እንደነበረ፣ ነጩ መቼ እንደተጨመረ፣ ያቺ የተሰበረችው ከየትኛዋ ቅድመ አያት እንደመጣች፣ ይህ ሁሉ አብሮ ነደደ። ማንም ሳይጠይቅ።

ጃፓኖችም አቃጥለዋል

«ጃፓኖች ባህላቸውን ጠበቁ፣ እኛ አጠፋን» የሚለው ወሬ ለስብሰባ ንግግር ይመቻል፤ ግን እውነቱ እንዲያ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የሜይጂ መንግሥት ሲመጣ የሺንቶን እምነት ከቡድሃ እምነት ለዩ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ተከትሎት በመጣው ማዕበል ብዙ ገዳም ፈረሰ፤ ብዙ ምስል ነደደ፤ ብዙውም ለፈረንጅ ተሸጠ። በ1873 ደግሞ አሻንጉሊት የሚወጣባቸው ጥንታዊ በዓላት ከመንግሥት የበዓል መዝገብ ተሠረዙ። ሥልጣኔ ያን ጊዜ የአሻንጉሊት ወዳጅ አልነበረም። ቤተሰቡ ግን በየቤቱ መደርደሩን አላቆመም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካውያን ለሰላም ምልክት ከ12 ሺህ በላይ አሻንጉሊቶች ለጃፓን ሕፃናት ላኩ፤ በየትምህርት ቤቱም ተከፋፈሉ። ጦርነቱ ሲመጣ «የጠላት አሻንጉሊት» ተባሉና እንዲጠፉ ተደረገ። አንዳንድ መምህራን ግን ሸሸጓቸው። ዛሬ ወደ 300 የሚሆኑት ተርፈዋል። አንድ መምህር ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ በእጁ አሻንጉሊት ይዞ ሲያመነታ አስቡት፤ የተረፉት በዚያ ማመንታት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልንማርበት የምንችለው የሚሰናበቱበትን መንገድ ነው። የጃፓን ቤተሰብ አሻንጉሊቱ ሲያረጅ ወይም የሚይዘው ሲጠፋ ቆሻሻ ላይ አይጥለውም። በቶኪዮ ኡዌኖ በሚገኘው የኪዮሚዙ ካኖን ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 25 ቀን ሰዎች አሮጌ አሻንጉሊት ይዘው ይመጣሉ፤ መነኮሳት ይጸልዩላቸዋል፤ ከዚያ ይቃጠላሉ። በዋካያማ ጠረፍ በአዋሺማ መቅደስ ደግሞ ማርች 3 ቀን በትንንሽ ጀልባ ተጭነው ወደ ባሕር ይላካሉ። ልብ በሉ፦ እነርሱም ያቃጥላሉ፤ እነርሱም ውኃ ላይ ይጥላሉ። ሲያደርጉት ግን በቀን ነው፤ ቤተሰቡ ቆሞ ነው፤ «ስላገለገልከን እናመሰግናለን» ተብሎ ነው። በአሻንጉሊቱ ነፍስ የማያምነው የባንክ ሠራተኛም ልጁን ይዞ ይሄዳል። የሚያመሰግነው እናቱን መሆኑ ይገባዋል።

የቀረው ሳጥን

በእኛ በኩል ያልተቃጠለው ምን ሆነ? ከፊሉ ገበያ ወጣ። የድሮ የብርጭቆ ዶቃ ዓለም አቀፍ ሰብሳቢ አለው፤ በአዲስ አበባ የቱሪስት ሱቆች ለዓመታት በኪሎና በክር ሲሸጥ ኖሯል። የማን እንደነበረ፣ በማን እጅ እንደወጣ ሳይታወቅ። በኮንሶም ይህ ደርሷል። ለጀግኖች መቃብር የሚቀረጹት የእንጨት ዋካዎች እየተሰረቁ ለቅርስ ነጋዴ ይቀርቡ ነበር፤ የተያዙት ኋላ በኮንሶ ሙዚየም ተሰበሰቡ። ዋካ ፊት ስላለው ሌባ እጅ ሲገኝ ይታወቃል። ጨሌ ግን ከክሩ ከተበተነ ማንም አያውቀውም፤ ዶቃ ነው፣ አለቀ። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ብዙ ነገር ይጠብቃል፤ ከአልጋ ሥር ያለውን ቋጠሮ ግን ካላወጣነው ማንም አይመዘግበውም።

ቦታውም ተለውጧል። ለገዳዲ በኦሮምኛ ለጋ ዳዲ ነው፤ ለጋ ወንዝ፣ ዳዲ ጠጅ፤ የጠጅ ወንዝ እንደማለት። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለዐሥርተ ዓመታት ከግድቡ ሲጠጣ ኖሯል፤ የስሙን ትርጉም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አባወራው ማታ ብቻውን ወርዶ ለቦረንትቻ የሚያርድባቸው የወንዝ ዳሮች ዛሬ የቤት ቦታ ሆነዋል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም ተጠቃልለዋል። በሌላ በኩል ደጁ እየተከፈተ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ኢሬቻ በ2012 መስከረም ወደ ፊንፊኔ ተመልሷል። ሲንቄ የያዙ እናቶች በአደባባይ ይታያሉ። ደስ ይላል። የአደባባዩ በዓል ግን የጓዳውን አይተካም። አደባባዩ የሕዝብን ታሪክ ይነግራል፤ የእማማን ታሪክ የሚያውቀው ሳጥኑ ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አያታችሁ አኮም ትሁን እማማ፣ ሳጥኗ ውስጥ ያ ቋጠሮ ካለ ወይም ነበረ ከተባለ፣ ሳትፈርዱ ጠይቋት። ክርስቲያን ብትሆኑም፣ ሙስሊም ብትሆኑም፣ ምንም ባታምኑም መጠየቅ ማምለክ አይደለም። ስልካችሁን አውጡና ድምፅዋን ቅረጹ። ከማን ወረስሽው? ቀዩ የማን ነው? ይቺን ዶቃ የጨመርሽው ማን ታሞብሽ ነው? ትፈሪው ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣሽው መቼ ነው? ያቃጠለችው ካለችም ያን ቀን ምን እንደተሰማት ጠይቋት፤ እርሱም ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ያስቀምጠው፣ ለሙዚየም ይስጠው፣ ወይም እሳት ውስጥ ያስገባው፣ የቤተሰቡ ምርጫ ነው። ብቻ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ይቁጠራቸው፤ የሚቆጥረውም እርሷ እያለች ይሁን።